ጧፍ የጎረሰው አምፕሊፋየር

በእኛ ከተማ፣ በላሊበላ፣ አዋቂ ለመባል ብዙ መድከም አያስፈልግም። የሚያደክመው አላውቅም ብሎ ማሳመን ነው። አንድ ቀን መርፌ ሲወጋ የታየ ሰው እስከ ዕድሜ ልኩ ዶክተር ነው። ሁለት ፈረንጅ መንገድ ያሳየ አስጎብኚ ነው። አንዴ ዳዊት ሲደግም የተሰማ ደግሞ እንኳን ለሰው ለላም ሕመምም ይጠራል። "ኧረ እኔ አላውቅም" ቢል ትሕትናው ነው ይባልለታል፤ አላውቅም ባለ ቁጥር አዋቂነቱ እየጨመረ ይሄዳል። እኔም በዚሁ መንገድ የኤሌክትሪክ ሊቅ ሆንኩ። ጥፋቱ የኔ አይደለም። የፕላዝማ ነው።

ታስታውሱ እንደሆነ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁሉ ትልልቅ ቴሌቪዥን ገብቶለት፣ ትምህርቱን በመስኮቱ ውስጥ ያለ መምህር እየሰጠ፣ በሥጋ በነፍስ ክፍል ውስጥ የቆምነው መምህራን ማብራትና ማጥፋት ብቻ ቀርቶልን ነበር። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ወንዝ እንጂ ስለ ኮረንቲ የተማርኩት የለም። ግን የፕላዝማው ቁልፍ በኔ ኪስ ያድር ስለነበር፣ በግምገማ ላይ ሳይቀር "የቴክኒክ ችሎታ ያለው" ተብዬ ተመስግኛለሁ፤ በግምገማ መመስገን ደግሞ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ኮረንቲ ስትነካ ሆዷ ውስጥ ቀይ መብራት የምትበራ አንዲት ካቻቢቴም ነበረችኝ። በደረት ኪሴ እሰካታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ ካላችሁ፣ የምሰካት ስለምታምርብኝ ነበር።

እንግዲህ አንድ የመጋቢት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አያ ምስጋናው በራፌ ላይ ቆመው "መምህር፣ ማጉያዬ እምቢ አለኝ" ሲሉኝ፣ እምቢ ማለት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። አላልኩም። ካቻቢቴዋን ሰክቼ ተከተልኳቸው።

አያ ምስጋናው ድንጋይ ጠራቢ ናቸው፤ ነበሩ ማለት ይሻላል። ከአርባ ዓመት በላይ ብረት በድንጋይ ላይ ሲቀጠቅጡ ኖረው፣ በመጨረሻ ድንጋዩ አጸፋውን መለሰና ጆሯቸውን ያዘ። ግራ ጆሯቸው ሥር ገብቶ የጮኸ ሰው እንደ ምንም ይሰማል። ቀኙን ግን "ድንጋይ ወሰደው" ይላሉ ራሳቸው፣ ሳያዝኑ፣ የሥራ ባልደረባ ዕቃ ተውሶ የቀረ ይመስል። አጥሩን የካቡለት አንድ ባለ ሆቴል አዲስ የሙዚቃ ዕቃ ሲያስመጣ አሮጌውን አምፕሊፋየር ከሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች ጋር መረቀላቸው። ቤተሰቡ የልጅ መጫወቻ ያህል ነበር ያየው። እሳቸው ግን ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ግራ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው፣ መዳፋቸውን በእንጨቱ ላይ ሲዘረጉ፣ የሰው ድምፅ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣላቸው። ከዚያ ወዲህ አምፕሊፋየሩ ጆሯቸው ነው።

ጆሮው ያስፈለገው ደግሞ በዋነኛነት ለአንድ ሰው ነው። ትርንጎ የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ቤሩት ለሥራ ከሄደች ሦስት ዓመቷ። ስልክ ለአያ ምስጋናው ምን ይሆናል? ስለዚህ ትርንጎ ወሬዋን በካሴት እየቀዳች፣ ወደ አገር በሚመለሱ ልጆች እጅ ትልካለች። ካሴቱ በመጣ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የአያ ምስጋናው አምፕሊፋየር ምስጢር አይጠብቅማ። ቤሩት ውስጥ ሽንኩርት ስንት እንደሚሸጥ እኔም የማውቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው ካሴት በጾሙ መግቢያ ሰሞን መጣ። ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ በትንሿ ቴፕ ሰምተው፣ በግራ ጆሮ ጮኸው ነገሯቸው፤ ደህና ነች፣ ለገና ትመጣለች። እሳቸው ካሴቱን ገና ሳይሰሙት አምፕሊፋየሩ ድርቅ አለ።

"ከየሻረግ አፍ ሰምቻለሁ" አሉኝ አያ ምስጋናው፣ መንገድ ላይ ቆም ብለው፣ መንደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፃቸው። መስማት የተሳነው ሰው ድምፁን አይመጥንም። "ከራሷ አፍ መስማት ነው የምፈልገው። ገና እስኪደርስ እሱን ይዤ እቆያለሁ።"

ቀላል ንግግር እንዳይመስላችሁ። የድንጋይ ብናኝ ጆሮ ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ደረታቸውም ከክረምት ወዲህ ሲያፏጭ ነው የከረመው። ጤናቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ትርንጎ እስክትመጣ አለሁ።" እኛም እሺ ብለን ነበር፣ ቀጠሮውን የምንሰጥ ይመስል።

እኔ ስሄድ የማልም ሰው ነኝ፤ ይህን ጠባዬን ተማሪዎቼም ያውቁታል። የመጋቢት ጭጋግ አሸተን ማርያምን ሸፍኖ ተራራው ከወገቡ በላይ የለም። ነፋሱ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ የደወል ድምፅ ቆርሶ ያመጣል፣ መልሶ ይወስዳል። ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ለምን ያሳዝናል እያልኩ አስባለሁ። ድምፁ ራሱ አዝኖ ነው ወይስ መንገዱ አድክሞት? እንዲህ እንዲህ እያልኩ በድንጋይ የተካበው ክብ ቤታቸው በር ላይ ግንባሬን ገጭቼ ነቃሁ።

አምፕሊፋየሩ በክብር ተቀምጧል። እትዬ የሻረግ የሠሩት ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ። እትዬ የሻረግ ራሳቸው መደቡ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ የመጣው ነገር ደስታ አልነበረም።

መመርመር ጀመርኩ። ሊቅ ሲመረምር የሚያደርገውን ሁሉ አደረግሁ፦ ዳንቴሉን አነሳሁ፣ "እህ" አልኩ፣ ዙሪያውን አየሁ፣ እንደገና "እህ" አልኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት በካቻቢቴዬ ነካሁት፤ ቀዩ መብራት በራ፤ አያ ምስጋናው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ትንሿ ቴፕ በዚያው ሶኬት ስትሰካ ትሠራለች። የአምፕሊፋየሩን ስፒና ፈትቼ ሽቦዎቹን አየሁ፤ ጤነኞች ናቸው። ማብሪያውን ተጫንኩ፣ ለቀቅሁ፣ ተጫንኩ። ምንም የለም። እውቀቴ እዚህ ላይ አለቀ። ማለቁን ማንም ስላላወቀብኝ ግን ቀጠልኩ።

ከጀርባው፣ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ የምትጠመዘዝ ትንሽ ክዳን አለች። የፊውዝ ቤት መሆኗን ከፕላዝማው አውቃለሁ። ጠመዘዝኳት። ከውስጧ የጣት አንጓ የማትሞላ፣ ለስላሳ፣ ቢጫ ነገር መዳፌ ላይ ወደቀች። አሸተትኳት። የቤተ ክርስቲያን ሽታ አላት።

ጧፍ ናት። በምላጭ ተመጥና የተቆረጠች የጧፍ ቁራጭ።

መጀመሪያ ያሰብኩትን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። በእኛ ዘንድ ጾም ሲገባ ቴፕም ይጾማል፤ በቅበላ ማግስት ነጠላ ጣል ይደረግበትና እስከ ፋሲካ የሚከፍተው የለም። እንግዲህ እትዬ የሻረግ ከሌላው ጠበቅ አድርገው፣ ፊውዙን አውጥተው በምትኩ የተባረከ ጧፍ አጉርሰውት ይሆናል፣ ስለትም ሊሆን ይችላል ብዬ ልሳለማት ምንም አልቀረኝ። ቀና ስል ግን እንዝርቱ ቆሟል። እትዬ የሻረግ ትክ ብለው እያዩኝ ነው።

"ተበላሽቷል በልልኝ፣ የኔ ጌታ" አሉ።

ልብ በሉልኝ። ባለቤታቸው ከመካከላችን፣ በርጩማ ላይ፣ ጉልበታችን እስኪነካካ ተጠግተው ተቀምጠዋል። እትዬ የሻረግ ሹክ አላሉም፤ ሹክ ማለት ምን ያደርጋል? በሙሉ ድምፃቸው፣ ስለ ሽንብራ ዋጋ የሚያወሩ ይመስል ተናገሩ። አያ ምስጋናውም ስለ ሽቦ የምንመካከር መስሏቸው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያዩ ፈገግ ይላሉ።

"ለገና አትመጣም" አሉ እትዬ የሻረግ። "ማዳሟ ውሉን አራዘመችው አለች። ሁለት ዓመት። እኔ እስከ ገና በመከራ የማቆያቸውን ሰውዬ ለሁለት ዓመት በምን ልያዛቸው? ፊውዟን እኔ ነኝ የነቀልኳት። ባዶውን ብተወው ከፍተው ያያሉ። ጧፏ ልኳ ሆነች።"

"ታዲያ መቼ ሊነገራቸው ነው?" አልኩ፣ እኔም ስለ ሽቦ የማወራ መስዬ።

"እግዜር ያውቃል። ዛሬ ግን አይደለም።"

የውጭ አገር ሰው ይህን ቢያይ ውሸት ይለው ይሆናል። እኛ ግን ምን እንደሆነ እናውቀዋለን። በእኛ አገር ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ይሰናዳል። ዘመድህ በሩቅ አገር ቢሞት ሰፈሩ ካንተ ሳምንት ቀድሞ ያውቃል። የሚያውቀው ሁሉ እህል ቀምሰህ እንደሆነ ይጠይቅሃል፣ ጉንፋንህ ለቀቀህ ወይ ይልሃል፣ አንተም ምነው ሰው ዛሬ ወደደኝ ትላለህ። መርዶው የሚነገርበት ቀን ይመረጣል፣ ሰው ይመረጣል፣ አጠገብህ የሚቆም ጎበዝ ይመረጣል። እንዲህ ስንል የምናሰናዳው ወሬውን ነው ወይስ ሰውየውን፣ አላውቅም። እትዬ የሻረግ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻቸውን ሲያሰናዱ ከርመው ደክሟቸዋል፤ ዓይናቸው ሥር ይታያል።

ስለዚህ ወሰንኩ። ጧፏን ኪሴ ከተትኩ፣ ወደ ግራ ጆሮ ተጠጋሁና፣ በአገሩ የተከበረ ሊቅ ሁሉ እንደሚያደርገው ዋሸሁ።

"ፊውዙ ተቃጥሏል። ወልድያ ካልሆነ አይገኝም።"

አያ ምስጋናው ፊታቸው በራ። ደስታቸው ግራ አጋባኝ።

"ተቃጥሏል? ምነው ከፍቼ ሳየው አልጠቆረም ነበር" አሉ። "የሆቴሉ ኤሌክትሪሺያን ሲቃጠል ይጠቁራል ብሎኝ ነበር። ደህና ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" የጋቢያቸውን ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። ከቋጠሮው ወረቀት ወጣ፤ ከወረቀቱ ሦስት አዳዲስ ፊውዞች ወጡ። "ይህች ዕቃ ፊውዝ ትበላለች ብሎ መለዋወጫ ሰጥቶኛል። እንካ።"

እትዬ የሻረግ አልተቆጡኝም። "አይ መምህር" ብቻ አሉ፣ እንዝርታቸውን መልሰው አነሱና። ሌላ መቶ ዓይነት ውሸት ነበረኮ። ከመቶው መርጬ መድኃኒቱ በጋቢ ጫፍ የታሰረለትን በሽታ አመጣሁ።

አሁንም ማበላሸት እችል ነበር። ፊውዙን አጣምሜ መክተት፣ አንድ ሽቦ ሳት ብሎኝ መንቀል። ግን አያ ምስጋናው ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም። አርባ ዓመት በእጁ ሥራ ያደረ ሰው የሰው እጅ ሲመለከት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምላሴ የቻለውን ጣቴ አልቻለም። ፊውዙን ከተትኩ፣ ክዳኗን ጠመዘዝኩ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። ቀዩ መብራት ቦግ አለ፤ ስፒከሮቹም ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ሰው "እም" አሉ።

አያ ምስጋናው ካሴቱን ከአምፕሊፋየሩ ጋር በሽቦ በተያያዘችው ትንሿ ቴፕ ውስጥ ራሳቸው አስገቡ። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው አዞሩት። ከዚያ በርጩማቸውን ወደ ስፒከሩ ሳቡና ግራ ጆሯቸውን ለጠፉ፤ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አባዬ፣ እማዬ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።"

የልጅቷ ድምፅ ከቤቱ ሰፍቶ በበሩ ወጣ። የግድግዳው ድንጋይ የሚናገር ነው የሚመስለው። ያለችበት ቤት ሰባተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ነገረችን። ጠዋት ጠዋት መስተዋት ስትወለውል ባሕሩን ታየዋለች፣ ጉም ሲተኛበት ልክ የክረምቱን የኛን ሸለቆ ይመስላል። የምትጠብቀው ሕፃን "እሺ" ማለት ለምዷል፤ እናቱ ምን ማለት እንደሆነ ስላልገባት ትቆጣዋለች። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ሥራዬን ረስቼ፣ ከዚያ ፎቅ ላይ ባሕሩን አየሁት። አላጋነንኩም። አንድ ድምፅ ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ፣ በሽቦና በእንጨት አልፎ፣ አንድ ሽማግሌ መዳፍ ሥር ሲንቀጠቀጥ ማየት ሰውን ካለበት ያነሳዋል። ሽማግሌው አይንቀሳቀሱም። በበሩ በኩል ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች መንገዱ ላይ ቆመው ይታዩኛል።

"አባዬ፣ ለገና እመጣለሁ ብዬህ ነበር" አለች ትርንጎ።

እትዬ የሻረግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ማዳም ውሉን ለሁለት ዓመት አራዝማዋለች። እምቢ ብል ፓስፖርቴ በእሷ እጅ ነው። አትቀየመኝ አባዬ። ሁለት ዓመት ነው፣ ከዚያ አንድ ቀን አልጨምርም።"

ከዚያ ለዘመድ ሁሉ በስም በስሙ ሰላምታ፣ ከዚያ የካሴቱ እስትንፋስ ብቻ። ውጭ የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ቢኖር ተኝቶ የነበረ ነው።

አያ ምስጋናው ጆሯቸውን ከስፒከሩ አነሱ። ጉንጫቸው ላይ የስፒከሩ ጨርቅ ምልክት ታትሞበታል። ለረጅም ጊዜ መዳፋቸውን አዩት፣ ድምፁ እዚያ የቀረ ይመስል።

"ድምጿ ወፍሯል" አሉ። "ደህና ናት።" ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞር ብለው "ቃሉ ግን ተድበለበለብኝ። መቼ እመጣለሁ ነው ያለችው?"

እትዬ የሻረግ ከተቀመጡበት እንዴት እንደተነሱ አላየሁም። ግራ ጆሯቸው ሥር ገብተው "ለገና" ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው መሀል ላይ ተሰበረ።

"አሜን" አሉ አያ ምስጋናው።

ቀጥሎ የሆነውን ማንም አልመከረበትም፤ ለመመካከር ጊዜውም አልነበረም። መጀመሪያ የጎረቤት ሴት ወይዘሮ አስረስ ወንፊት ልዋስ ብለው ገቡ። ወንፊቱ ሳይሰጣቸው ወደ ግራ ጆሮ ተጠግተው "እንኳን ደስ ያለዎት፣ ለገና ትመጣለች አሉ" ብለው ጮኹ። ከእሳቸው ኋላ የነፍስ አባታቸው ቄስ አዱኛ መስቀላቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤ መንገድ ላይ ከቆሙት መሀል ነበሩ። እንግዲህ እውነት የሚናገር ሰው ተገኘ፣ ጉዳችን ፈላ ብዬ ወለሉን አየሁ። ቄስ አዱኛ ጎንበስ አሉና "ለገና እግዚአብሔር በሰላም ያምጣት" አሉ። ቄስ አይዋሹም። ይመርቃሉ። የትኛው ገና እንደሆነ ያልጠየቃቸው ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው።

እንዲህ ነን እኛ። አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው ያልቻለውን ውሸት መንደሩ በአንድ ከሰዓት ተከፋፍሎ አነሳው። እትዬ የሻረግ ቅድም ከጠቆረ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲለቃቸው አየሁ። ጠላ ቀዱልኝ፣ ደረቅ ቆሎ አቀረቡልኝ፤ ስለ ወልድያው ፊውዝ ዳግመኛ አላነሱብኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጥራ። እያደር ነው እንጂ ዛሬ አልተባለም።

ስነሳ አያ ምስጋናው እንደ ደንቡ እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። እራሳቸው የካቡት አጥር ነው። ጭጋጉ ወርዶ ከታች ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ እየወሰደ ነበር። ወደ ቤቱ ዞረው አዩና፣ ማንም እንዳልተከተለን ሲያረጋግጡ ወደኔ ተጠጉ። ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንደሚችሉ እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር።

"መምህር" አሉኝ። "ሁለት ዓመት ያለችው ካሁን ነው ወይስ ከገና?"

ካሴቱ አላለም። ቢልም መልሱ በጩኸት ነው የሚሰጠው፤ ከጮህኩ ደግሞ ቤት ውስጥ ይሰማል። ጣቴን ወደ መሬት ቀሰርኩ። ካሁን ነው ማለቴ ነው። ከሁለቱ አጭሩን መረጥኩላቸው።

ጥቂት አሰሉ። ደረታቸው ሲያፏጭ ይሰማኛል።

"ካሁን ከሆነ ይደረሳል" አሉ። "ለየሻረግ እንዳልሰማሁ አድርገህ ያዝላት። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም።"

ትከሻዬን ነካ አድርገው ተመለሱ። በበሩ ጎንበስ ብለው ሲገቡ የድሮው ድምፃቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው፣ ከጭጋጉ ውስጥ ደረሰኝ።

"የሻረግ፣ ለገና የሚታረደውን በግ ካሁኑ ገዝተን መቀለብ አለብን። ልጂቱ የሰው አገር ምግብ ሰልችቷት ነው የምትመጣው።"